አደር ቡራሌና የሱፍ ዘይት

በአምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ገብቶ ለረመዳን ደግሞ ጨረቃ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ እናቴ ወይዘሮ አስካለማርያም የሰጠችኝን ጠርሙስ በነጠላዬ ሸፍኜ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻገርኩ። የድሬዳዋ አሮጌ ሰፈር መጋላ እንደገባሁ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከሚደረደሩበት መንገድ ላይ፣ ከሰው ሁሉ መርጬ ላገኛቸው የማልፈልጋቸውን ሰው አገኘሁ። አደር ቡራሌን።

አደር በሶማሌኛ አጎት ማለት ነው። አጎትነታቸው ለጓደኛዬ ለኢድል እንጂ ለእኔ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ግን የጓደኛ አጎት መቆጣትም መምከርም ስለሚችል ያው የራስ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። በጉብዝናቸው ከዘይላ እስከ ሐረር ግመል ነድተዋል። አሁን ላሞቻቸውን ቢዮ አዋሌ በሚባል ገጠር ከልጆቻቸው ጋር ትተው መጋላ ውስጥ ቅቤ ይነግዳሉ። ይነግዱ ነበር ብል ይሻላል፤ ዝናቡ ከጠፋ ወዲህ ከቢዮ አዋሌ ከቅቤ ይልቅ የሚመጣው የቅቤ ወሬ ነው።

«ናያ!» አሉኝ። ትርጉሙ «አንቺ ልጅ» ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን «ቁሚ!» ማለት ነው።

«እንደምን ዋሉ አደር ቡራሌ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተ ሰቡ ሁሉ ደኅና?»

በጥርጣሬ አዩኝ። «እርስዎ አልሽኝ። ምን ሰብረሻል?»

እውነታቸውን ነው። ድሬዳዋ ለሽበቱም ለሕፃኑም «አንተ» የምትል አገር ናት፤ እዚህ «እርስዎ» የሚል ሰው ወይ ትናንት ከደጋ የወረደ ነው፣ ወይ ጥፋት አለበት። እኔ ግን ትምህርት ቤት ስለተማርኩት እንጂ አንዳች አልሰበርኩም።

«ምንም አልሰበርኩም። ለኢዶ ማርያን ዕቃ ላደርስ ነው» አልኳቸው።

«እኔም እሷ ዘንድ ነኝ። ዕቃሽን አድርሺና ተሰናበቻት። ጨረቃ ሳትታይ ዋሂል ገጠር እወስዳታለሁ።»

«ዘመድ ልትጠይቅ?»

«ልትኖር።»

ነጠላዬ ከትከሻዬ ወረደ። ኢዶ ማለት አክስት ነው፤ ኢዶ ማርያን የኢድል እናት ናት። ባሏ፣ የአደር ቡራሌ ታናሽ ወንድም፣ ከሞተ ወዲህ ራሷንና ልጇን የምታኖረው በሳምቡሳ ነው። ሳምቡሳ ያለ ስብ አይጠበስ፤ እሷ የምትጠብሰው ደግሞ አደር ቡራሌ በሚያመጡላት ቅቤ ነበር። ቅቤው በማንኪያ የሚለካ ሲሆን ምጣዷ ቀዘቀዘ። የሰሊጥ ዘይት እንዳትገዛ ሰሊጡ ሁሉ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይነጉዳል። የዓመት ኑሮዋን የምታገኘው በረመዳን ነው፤ በረመዳን ካልጠበሰች ድሬዳዋ ውስጥ የሚያኖራት ነገር የለም። እሷ ስትሄድ ኢድልም ትሄዳለች። ኢድልና እኔ ስድስተኛ ክፍል በአንድ ዴስክ ነን። ወደ ዋሂል ሄዳ ትምህርቷን የቀጠለች ልጅ ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ሄዳ ያገባች ግን ብዙ አይቻለሁ።

«አደር፣ መሄድ አያስፈልጋትም!» አልኩና ጠርሙሱን ከነጠላዬ አወጣሁት። «ይኸው የምትጠብስበት! ዘይት ነው። እናቴ ልካላት ነው።»

ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡት። «ወርቅ ይመስላል። የምን ዘይት ነው?»

«የሱፍ።»

ክንዳቸው ባለበት ቀረ። «የምን አልሽ?»

«የሱፍ፣ አደር። የፈረንጅ ሱፍ።»

አጠገባችን ከልብስ ሰፊው በር ላይ አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት ተሰቅሏል። አደር ቡራሌ ኮቱን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ እንደገና ኮቱን አዩ። እኔ ሞኟ አስተያየታቸው አልገባኝም።

«ይህን ሰው ይበላዋል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፈረንጆች ይበሉታል። እኛም ቤት ጾም ከገባ ወዲህ ወጡ ሁሉ በዚሁ ነው።»

«እናንተም! አባትሽ ባቡር የሚነዳ የተከበረ ሰው አይደለም እንዴ? ሆዳችሁን አያሳክካችሁም?»

ናቁን ብዬ ደሜ ፈላ። መንገዱን አብረን ስንሄድ፣ ከመምህራችን የሰማሁትን ትምህርት አንድ ሳላስቀር አወረድኩባቸው። «አደር ቡራሌ፣ ሰው ያላወቀውን አይነቅፍም። የሰው አካል እንደ ባቡር ነው፤ ስብ ካላገኘ ኃይል የለውም። ልጅ አያድግ፣ አራስ አትጠነክር። ስብ ደግሞ ከቅቤ ብቻ አይገኝም። ይህ ዘይት ንጹሕ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ» አሉ እንደ ዳኛ።

«በመጀመሪያ ራሱ እስኪጎብጥ ይጠብቁታል። ሲጎብጥ ራሱን ይቆርጡታል።»

«ማን ነው የሚቆርጠው? እስላም ነው ክርስቲያን?»

«የትኛውም ይቆርጠዋል፣ ሴትም ሕፃንም። ምን ከባድ ነገር አለው?»

«አስተግፊሩላህ! ሕፃን! ቢስሚላህ ሳይሉ?»

«የፈለገ ይላል። ከዚያ ራሱን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ በዱላ ይወቁታል።»

«ከሞተ በኋላ በዱላ?»

«ታዲያ እንዴት ይራገፍ? ከዚያ ልጣጩን ገፈው ውስጡን በብረት ይጨምቁታል።»

አደር ቡራሌ ጠርሙሱን እንደ እባብ በሁለት ጣት ይዘው መለሱልኝ። «ወላሂ፣ ስድሳ ዓመት ከእንስሳ ጋር ኖሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ጠርሙስ የወንድሜን ቤት አይረግጥም።»

እኔ ደግሞ በልቤ «ያልተማረ ሰው አበባ ሲቆረጥ ያለቅሳል» እያልኩ ተከተልኳቸው። አንባቢዬ ሆይ፣ በሁለታችንም አትሳቅ። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ይዘው ሲጣሉ የቃሉን ትርጉም የሚጠይቅ ሦስተኛ ሰው ከሌለ፣ ጠቡ እስከ ሸንጎ ይደርሳል።

ሦስተኛዋ ሰው ኢድል ሆነች።

ኢዶ ማርያን ቤት ስንገባ መሬቱ ላይ ሰሌንና ድስት ታስሯል። ኢዶ ማርያን ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ኢድል ዐይኗ ቀልቷል። አደር ቡራሌ በሶማሌኛ በፍጥነት መናገር ጀመሩ። «ሱፍ» ሲሉና ትከሻቸውን ሲያሻሹ ብቻ ገባኝ። ኢድል ስታዳምጥ ቆየችና ድንገት፣ እያለቀሰች ሳለ፣ ሳቀች። ሳቋ አልቆም ብሎ እናቷ ቆነጠጠቻት።

«አቦ!» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አደርን ምን ብለሽ ነው ያስፈራራሻቸው? በግ ራሱ ተቆርጦ፣ በዱላ ተወቅቶ፣ ጠጉሩ ተጨምቆ ዘይት ወጣ ይላሉ!»

«በጉን ምን አመጣው?»

«ሱፉ ነዋ! በእኛ ቋንቋ ሱፍ የሚለበስ ነው። በእናንተም የአባትሽ የእሑድ ኮት ሱፍ አይደለም?»

ስድስት ዓመት አማርኛ ተምሬ፣ የሚለበስና የሚዘራ ሁለት ሱፍ እንዳለ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም።

«አደር ቡራሌ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ ይህን ጊዜ ከልቤ። «እኔ ያልኩት ሱፍ ተክል ነው። ቁመቱ ከእርስዎ ይበልጣል። አበባው የትሪ ያህል ሰፊና ቢጫ ነው፤ ፀሐይ በዞረችበት ይዞራል። የሚቆረጠው የአበባው ራስ ነው። የሚወቃውም ፍሬው እንዲራገፍ ነው። አንድም በግ አልሞተም።»

አደር ቡራሌ ጠርሙሱን እንደገና አዩት። ከዚያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ መቆጣታቸው ነው ስል ሳቁ። ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

«እኔ ደግሞ የባቡር ነጂው ቤት ኮት ተቀቅሎ ይበላል ብዬ አዝኜላችሁ ነበር» አሉ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ጠርሙሱን ለኢዶ ማርያን ልሰጥ ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቆዪ። በግ አለመሆኑ ገባኝ። ፍሬ ከሆነ የወፍ ምግብ ነው። የሰው ምግብ ቅቤ ነው። ሙሽራ ቅቤ ትቀባለች፣ አራስ ቅቤ ትጠጣለች፣ በረሃ ያቋረጠ መንገደኛ በቅቤ ነፍስ ይዘራል። ወንድሜ ቤት የተጠበሰ ሳምቡሳ ከሩቅ ይሸታል። ይህ ጠርሙስ ምን ይሸታል? ምንም። ሽታ የሌለው ምግብ ሰው የሚረሳው ነገር ነው።»

እዚህ ላይ ኢዶ ማርያን ቀና አለች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ ስትናገር ግን አስባ ነው።

«አቦወ ቡራሌ» አለች፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ዘይላ ላይ ግመል ዐይኗ ተሸፍኖ ቀኑን ሙሉ ስትዞር፣ ሰሊጥ ተጨምቆ ዘይት ሲወርድ አይቻለሁ ብለህ የነገርከን አንተ አይደለህም? ከዚያ ዘይት እናትህ ዓሣ ጠብሳ ታበላህ እንደነበረስ? ሰሊጥ ያን ጊዜ የወፍ አልነበረም?»

«ሰሊጥ የአባቶቻችን ነው» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ላላ።

«ለአባቶቻችንም አንድ ቀን አዲስ ነበር። የመጀመሪያውን የጠበሰች ሴት ምን ተባለች ይሆን?»

ይህን ጊዜ እኔም ገባሁ፤ ዝም ማለት አላውቅበትም። ስብከቱን ግን ትቼ ጥያቄ ጠየቅኩ። «አደር ቡራሌ፣ ላሞችዎ አሁን ምን ያህል ይታለባሉ?»

«ላም ይባላሉ እንጂ አጥንት ናቸው። ጠዋት አንዲት ጣሳ ብትሞላ አልሐምዱሊላህ ነው።»

«ከዚያች ጣሳ ለጥጃው ይተርፋል?»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«የልጅዎ ልጅስ፣ ትንሹ ዒሴ፣ ይጠጣል? ወተቷ ተንጣ ቅቤ ሆና መጋላ ስትመጣ እሱ ምን ይጠጣል?»

ኢድል በክርኗ ጎሸመችኝ። እኔም ደነገጥኩ፤ የሰው ቁስል ነካሁ። አደር ቡራሌ መቁጠሪያቸውን አወጡና አንዱን ፍሬ ይዘው ሳያሳልፉት ቆዩ።

«አይጠጣም» አሉ በመጨረሻ። «ባለፈው ሄጄ አየሁት። ዐይኑ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ደግሞ ያችን ቅቤ ለማርያን ካላመጣሁ የወንድሜ ቤት ይዘጋል። ከሁለቱ የትኛውን ልምረጥ? ለዚህ ነው ዋሂል ትሂድ ያልኩት። ጨክኜ አይደለም፣ ልጄ።»

እኔ አሮጌ ሐሳብ ያልኩት ነገር፣ ለካ አንድ ሽማግሌ በሁለት ቤት መካከል የተሸከመው ጭንቅ ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሽማግሌ እምቢ ሲል ግትርነቱን እናያለን እንጂ የፈራውን አንጠይቅም።

«እንግዲያው መምረጥ አያስፈልግዎትም» አልኩ ቀስ ብዬ። «ወተቱ ለዒሴና ለጥጃው ይቅር፤ ሳምቡሳው በዚህ ይጠበስ።»

«በዐይኔ ሳላይ አይሆንም» አሉና ተነሡ። «ሲጨመቅ ልይ።»

አራታችንም ወጣን። የዘይት መጭመቂያው ያለው ከገበያው ጀርባ፣ ሸረፈዲን ከሚባል የሐረር ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው። ሸረፈዲን ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነው፤ አደር ቡራሌን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ።

«ያ ቡራሌ! ቅቤ ነጋዴው ጠላቱን ሊጎበኝ መጣ!»

«ጠላቴ በግ ይሁን አበባ ለይቼ ልሄድ መጣሁ» አሉት።

ሸረፈዲን አልገባውም፤ ኢድል ሳቋን በሻሿ አፈነች። እሱ ግን ከጨርጨር ደጋ የመጣውን የሱፍ ጆንያ ፈትቶ ፍሬውን በእፍኙ ዘገነላቸው። ጥቁር፣ ነጭ መስመር ያለው ፍሬ ነው። አደር ቡራሌ «ቢስሚላህ» ብለው አንዱን በጥርሳቸው ፈለፈሉ፤ ነጩን ፍሬ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ ደፈጠጡት። ጥፍራቸው አብረቀረቀ። ሌላ ፈለፈሉ፣ አኘኩ።

«ስብ አለው» አሉ እንደ መመስከር። ግን ፊታቸው ገና አልተፈታም። ሁለት ሰዎች የመጭመቂያውን እጀታ ሲያዞሩ፣ ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ ሲወርድ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ተመለከቱ። እኔ እሳቸውን እመለከታለሁ። ኢድል ነጠላዬን ጨምድዳ ይዛለች።

ድንገት ዐይናቸው ከዘይቱ ላይ ተነሣ። ግቢው ጥግ አንዲት ፍየል ታስራለች። ሆዷ እንደ ከበሮ፣ ጠጉሯ እንደ ሐር፣ ጡቷ መሬት ሊነካ ነው።

«ሸረፈዲን» አሉ። «ይህች ፍየል ያንተ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ዝናብ የጣለው ለአንተ ግቢ ብቻ ነው?»

«ኧረ ምን ዝናብ! የምትበላው ይህንን ነው» አለና ከመጭመቂያው ሥር የወጣውን ጠፍጣፋ ጥቁር ቂጣ የመሰለ ነገር ሰብሮ ወረወረላት። «ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው፤ ፋጉሎ። ብጥለው የሚያነሣው የለም፣ እሷ ግን ትሞትለታለች።»

አደር ቡራሌ ሄደው ከፍየሏ ጎን ቁጢጥ አሉ። ጎኗን ዳበሱ፣ ጡቷን መዘኑ፣ ዐይኗን ገልጠው አዩ። ከዚያ የተረፈውን ፋጉሎ አሸተቱ። ስለ ዘይት የሚያውቁት ጥቂት ነበር፤ ስለ ከብት ግን ማንም አያታልላቸውም።

«ላም ትበላዋለች?»

«ላምማ ጆንያውንም ትበላዋለች።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሳምቡሳ ማንም አላነሣም። ሽማግሌው ፋጉሎ ስንት ጆንያ እንዳለ፣ በውሃ ይራስ በደረቁ ይሰጥ፣ እርጉዝ ላም ያስወርድ እንደሆነ፣ ጥጃ ከስንት ወሩ ይችላል እያሉ ሸረፈዲንን ሲያፋጥጡት ጥላው ረዘመ። ኢዶ ማርያን መታገሥ አልቻለችም።

«አቦወ፣ የእኔስ ነገር?»

«የምን ነገር?» አሉ ዞር ሳይሉ። «ሂጂና ሊጥሽን አቡኪ። ይህ ሰው ዘይት ካልሸጠ ፋጉሎ ከየት ያገኝልኛል? ምድር ያወጣችው ሁሉ ጥቅም አለው፤ ላዩን ሰው ይብላ፣ ታቹን ከብት ይብላ። ዋሂል ቀርቷል።»

ኢድል ጮኸች። ኢዶ ማርያን ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ከጭንቅ የወጣ ሰው ልቅሶ ከሳቅ የሚለየው በድምፁ ብቻ ነው።

ረመዳን ገባ፤ ኢዶ ማርያን ጠበሰች። እኔም አንድ ምክር ሰጠኋት፤ ምክሬ ስለተሰማ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ከሥጋው ሌላ፣ በተለየ ምጣድ፣ የምስር ሳምቡሳ እንድትጠብስ ነገርኳት። ቀድሞ በቅቤ ስትጠብስ ክርስቲያን በሁዳዴ በሯን አይረግጥም ነበር። አሁን ግን ምስሩም ምስር፣ ዘይቱም የፍሬ። አመሻሽ ላይ እስላሙ ለኢፍጣር፣ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ መልስ ከአንድ በር ይገዛ ጀመር። የባቡር ሠራተኞች ደቻቱን እየተሻገሩ መጡ። አባቴም መጣ፤ የእሑድ ኮቱን ስለለበሰ አደር ቡራሌ እያዩት ሳቁበት፣ እሱ ግን እስካሁን ለምን እንደሆነ አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ጥቅሙን ልንገርህ። ቅቤን ማንም አልጠላም፤ ዝናብ ሲመለስ ቅቤም ይመለሳል። ነገር ግን የሕዝብ ስብ በአንድ ጡት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሰማይ በተቆጣ ቁጥር ሕፃኑና ጥጃው ይራባሉ። የደጋው ገበሬ በማሳው ዳር ሱፍ ቢዘራ፣ የከተማው ሰው ዘይቱን ቢጨምቅ፣ የቆላው አርቢ ፋጉሎውን ለከብቱ ቢሰጥ፣ ሦስቱም ይጠቀማሉ፤ የአንዱ ትርፍ ለሌላው ቀለብ ይሆናል። ለዚህም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ከቢዮ አዋሌ ሰው መጣ። ጥጃው ይዘላል፤ ዒሴም እየተከተለ ይዘላል አለ። ያን ምሽት አደር ቡራሌ ከኢዶ ማርያን ምጣድ አጠገብ ቁጭ ብለው ትኩሱን ሳምቡሳ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጡ ይበላሉ። «አሁንም ሽታ የለውም» ይላሉ፣ ሌላም ያነሣሉ። በዚህ መሐል አንድ ሽማግሌ ወዳጃቸው በትሩን ተደግፎ ቆመና አፈጠጠባቸው።

«ቡራሌ! አንተ የቅቤ ሰው፣ ስድሳ ዓመት ቅቤ በልተህ ዛሬ በፍሬ ዘይት? ማን ነው ያሳመነህ? ይህች የትምህርት ቤት ልጅ ናት?»

ደረቴን ነፋሁ።

አደር ቡራሌ አዩኝ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ የሚያኝኩትን ዋጡ።

«እሷማ በዱላ ልታስወቃኝ ነበር» አሉ። «ያሳመነችኝ የሸረፈዲን ፍየል ናት።»